ግማሽ ቮልት በሶዶ

አራት አዳዲስ ሃርድ ዲስኮች ገጥመን ሰርቨሩን ስናበራ አንዱም አልተነፈሰም። ማራገቢያው ያጓራል፤ አረንጓዴዋ መብራት በርታለች፤ ስክሪኑ ግን ዲስክ የሚባል ነገር አላየሁም ብሎ ድርቅ አለ። ቦታው ወላይታ ሶዶ ነው፤ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መስኮቷ ወደ ዳሞታ ተራራ የምታይ ጠባብ ክፍል። እያንዳንዱ ዲስክ 20 ቴራባይት ይይዛል፤ አራቱ አንድ ላይ 80። ጣቴን ዲስኩ ጎን ላይ አሳርፌ ጠበቅሁ። ደህና ሃርድ ዲስክ ሲነሳ የተኛች ድመት ደረት ላይ እጅ እንደማሳረፍ ያለ ስስ ንዝረት ይሰማል። እነዚህ ድንጋይ ነበሩ። ኬብል ቀየርን፣ ሶኬት ቀየርን፣ ነቅለን ሰካን፣ ሰክተን ነቀልን። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በመጨረሻ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ «ጋሼ፣ አራቱም ተበላሽተው ነው እንዴ የመጡት?» አለኝ። አራት ዲስክ በአንድ ቀን አይሞትም። ሌላ ነገር እንዳለ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ግን በማግስቱ ነው።

ያን ምሽት ልጁን ሸኝቼ ሆዱ ከተከፈተው ሰርቨር ፊት ቁጭ አልኩና ስልኬን አውጥቼ ማባዛትና ማካፈል ጀመርኩ። ሥራ የፈታ ሰው ሒሳብ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሁሉም ሰው ወደሚሄድበት ነው፤ ወደ መጠኑ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1,501,112 ነበር። ዛሬ ከዚያ በጣም እንደሚበልጥ መንገድ ላይ የወጣ ሁሉ ያያል፤ የተቆጠረው እሱ ነውና በእሱ እንሂድ። አንዱን ባለ 20 ቴራባይት ዲስክ ለዚህ ሁሉ ሰው፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳንል፣ እኩል ብናካፍለው ለያንዳንዱ ከ13 ሚሊዮን ባይት በላይ ይደርሰዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ በኮምፒውተር ውስጥ ውድ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው፣ ዛሬ ሁሉም በሚጠቀምበት አሠራር አንዷ ሆሄ ሦስት ባይት ትበላለች፤ «ወላይታ» ብሎ ለመጻፍ አራት ፊደል፣ 12 ባይት። ወላይትኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ለአንዱ አንድ ባይት ብቻ ስለሚከፍል እዚህ ላይ ያሸንፈናል። በውዱ በእኛ እንኳ ብናሰላው የአንድ ሰው ድርሻ 4.4 ሚሊዮን ሆሄ ይሆናል፤ በገጽ 1,500 ሆሄ ቢጻፍ ከ2,900 ገጽ በላይ። የዞኑ ሰው ሁሉ የሕይወት ታሪኩን በሦስት ወፋፍራም ቅጽ ጽፎ ቢያስረክብ፣ ያ ሁሉ 700 ግራም በማትሞላ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሶዶ ሥጋ ቤት ገብተው ለሁለት ጥሬ ሥጋ የሚያዝዙ ሰዎች ከዚያ የበለጠ ያስመዝናሉ። ዳታና ከሥጋው ጋር የሚቀርበው ዳጣ በድምፅ ብቻ የሚመሳሰሉ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሁለቱም ብዙውን ነገር በጥቂት ቦታ የማጨቅ ጥበብ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ፣ ራማክ የተባለው፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ቁምሳጥን ነበር። ውስጡ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ይሽከረከራሉ፤ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ሆሄ ነው፤ አንዱ ሆሄ ያኔ ከአንድ ባይት ያነሰ ቦታ ይወስድ ስለነበር በዛሬው ልኬት አራት ሚሊዮን ባይት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ከአንዲቷ የዛሬ ሳጥን ለያንዳንዱ የወላይታ ሰው ሦስት ሦስት ራማክ አድለን ይተርፈናል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ሒሳብ ቶሎ ይሰለቻል። ዜሮ ሲበዛ ዓይን ይደነዝዛል፤ ካርቶኑ ላይ 20 ቢጻፍ 40 ቢጻፍ ለገዢው ልዩነቱ ዋጋው ላይ ብቻ ነው። እኔን ከወንበሬ ያላስነሳኝ ትንንሹ ቁጥር ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ዜሮዎቹ ከነጥብ በኋላ ሲደረደሩ ነው ነገሩ የሚያስፈራው።

ሳህኑ ላይ አንዲት የጤፍ ፍሬ ብታርፍ ከሥሯ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቢት ይኖራል። ያንን የሚያነበው ራስ የተሳፈረበት ቁራጭ ርዝመቱ 0.85 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጤፏ አይበልጥም። ሲያነብ ሳህኑን አይነካም፤ በ2 ናኖ ሜትር ገደማ ከፍታ ይንሳፈፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ናኖ ሜትር አለ። ሳህኑ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ስለሚዞር ጠርዙ በሰዓት ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ይህ በአእምሮ አይያዝም፤ ስለዚህ ያችን ቁራጭ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አገር አቋራጭ አውቶቡስ እስክትሆን እናሳድጋት፤ ሌላውንም ሁሉ በዚያው ልክ፣ 14,000 ጊዜ ገደማ። አሁን አውቶቡሱ ከአስፋልቱ በላይ የሚንሳፈፈው ከአንዲት ፀጉር ውፍረት ባነሰ ከፍታ ነው። የሚሄድበት መስመር ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፍጥነቱ በሰከንድ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሶዶ መናኸሪያ ተነስቶ በሆሳዕና በኩል አዲስ አበባ ለመግባት አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ሹፌሩ በዚች አንድ ሰከንድ ውስጥ በአሥር ሺዎች ጊዜ መሪ ያስተካክላል። መንገዱ ላይ አንድ የጭስ ብናኝ ቢገኝ ሽምብራ የሚያህል ድንጋይ ይሆንበታል፤ ፀጉር በማታሳልፍ ክፍተት ሽምብራ እንዴት ያልፋል? ሃርድ ዲስክ ከፍቶ «ልየው ብዬ ነው» የሚል ሰው ሲመጣብኝ የምናደደው ለዚህ ነው።

ይኼ አውቶቡስ የተንሳፈፈው በአየር ነው። የሳህኑ ሽክርክሪት የሚጎትተው አየር ከሥሩ ገብቶ ይሸከመዋል። ስለዚህ የቦታ ከፍታ ጉዳይ አለ። በአየር የሚሠሩ ዲስኮች ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ይሠራል የሚል ታገኛላችሁ፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ አንባቢው ራስ ወደ ሳህኑ ይወርዳል። ሶዶ ከተማ ችግር የለባትም። ዳሞታ ጫፍ ላይ ግን፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው፣ ወሰኑ አፍንጫ ሥር ነው፤ ራስ ዳሸን ላይ በ4,550 ሜትር ከወሰኑ ወጥተናል። እነዚያ ዲስኮች ገላቸው ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለቻቸው፤ ከጎኗ «ይህን ቀዳዳ አትድፈኑ» የሚል ተጽፏል። መተንፈሻቸው ናት። የእኛዎቹ አራት ቀዳዳ የላቸውም፤ ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ ትልልቆቹን ዲስኮች በሂልየም ሞልቶ ማሸግ ስለተለመደ የዳሞታ አየር አያገባቸውም።

ወደ ሽቦው ልምጣ፤ ዲስክን ከሰርቨር ማገናኘት የሚባለው ሥራ እሱ ነውና። ወላይታ ላይ ሆኖ ስለ ሽቦ የሚያወራ ሰው ደግሞ ግልገል ጊቤ 3ን ዘሎ አያልፍም። በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞን የዘጋው ግድብ ከፍታው 243 ሜትር ነው። 10 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዱ 187 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 1,870። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ኃይሉ በ400,000 ቮልት ወደ ሶዶ ይመጣል። ሶዶ ላይ ካለው የመቀየሪያ ጣቢያ ደግሞ ተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ ተለውጦ፣ በ500,000 ቮልት፣ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ እስከሚባል ቦታ 1,045 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል። በነገራችን ላይ የሚሽከረከር ሳህን ጠርዝ ይህን 1,045 ኪሎ ሜትር በስምንት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ቢሮ ሲከፈት ከሶዶ ቢነሳ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሱስዋ ነው፤ ከሳጥኑ ሳይወጣ።

ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ የሶዶው ጣቢያ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራቸው አንድ ነው፤ ተለዋዋጩን ወደ ቀጥታ መለወጥ። ከግድግዳው 220 ቮልት ይቀበልና 12፣ 5 እና 3.3 አድርጎ ያድላል። ቢጫው ሽቦ 12 ነው፤ ሞተሩን ያዞራል። ቀዩ 5 ነው። ብርቱካናማው 3.3 ነው፤ ይህችን ብርቱካናማ ያዙልኝ። ጥቁሮቹ መሬት ናቸው። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ያነበበውን ለማዘርቦርዱ የሚያወራበት ቀጭኑ የሳታ ኬብል ይመጣል፤ በእሱ ላይ የሚያልፈው ምልክት ግማሽ ቮልት ገደማ ነው። ለኬንያ 500,000፣ ለዲስኩ 0.5። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ሰንሰለት ላይ፣ አንድ ሚሊዮን እጥፍ።

ይህች ግማሽ ቮልት በሰከንድ 6 ቢሊዮን ቢት ትሸከማለች። አንዱ ቢት ሽቦው ላይ የሚቆየው የአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። በዚያ ቅጽበት ምልክቱ በመዳብ ውስጥ የሚሄደው ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። እዚህ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ኬብሉን አነሳሁት። የሳታ ኬብል ከአንድ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የእኛ ግማሽ ሜትር ናት። ግማሽ ሜትር በሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሲካፈል 14 ይሆናል። ስለዚህ በማንኛውም ቅጽበት ከዲስኩ ወጥተው ማዘርቦርዱ ጋ ያልደረሱ 14 ቢቶች እጄ ላይ ባለችው ክር ውስጥ ተሰልፈው መንገድ ላይ ናቸው። መረጃ ርዝመት እንዳለው፣ በክንድና በስንዝር እንደሚለካ እስከዚያ ምሽት ድረስ አስቤው አላውቅም። «ወላይታ» የሚለው ቃል 96 ቢት ነው፤ የመስመሩ ማስተካከያ ሲጨመርበት 120፤ ተዘርግቶ ሲለካ አራት ሜትር ከምናምን ይሆናል። ራሱ ሲደርስ ጭራው ገና ከዲስኩ አልወጣም።

የድሮዎቹን ኬብሎች የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ እንደ ሪባን ሰፊ፣ ግራጫ፣ ለማጠፍ የሚያስቸግሩ። አይዲኢ ይባሉ ነበር። መጨረሻ ላይ የወጡት 80 ሽቦ ነበራቸው፤ ርዝመታቸው ከ46 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የፈጣኑ ፍጥነት በሰከንድ 133 ሚሊዮን ባይት ነበር። የዛሬው ሳታ ሰባት ፒን ብቻ ነው ያለው፤ ሦስቱ መሬት ስለሆኑ የሚሠሩት አራት ናቸው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 600 ሚሊዮን። ሽቦው ሲቀንስ ፍጥነቱ ጨመረ። ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም፤ ነገሩ ግን እንደ ሩጫ ነው። አይዲኢ ላይ 16 ቢቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሮጣሉ፤ እኩል መድረስ አለባቸው፤ ስለዚህ ፍጥነታቸው የሰነፉ ፍጥነት ነው። ሳታ ላይ አንዱ ብቻውን ይሮጣል፤ ከኋላው ሌላው፣ ከኋላው ሌላው፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ከአራቱ ሽቦ ሁለቱ ለመሄጃ፣ ሁለቱ ለመመለሻ ናቸው። በጥንዱ ላይ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል፤ ተቀባዩ የሚያየው ልዩነታቸውን ነው። ከማራገቢያው ወይም ከጎረቤት ሽቦ የመጣ ረብሻ ሁለቱን እኩል ስለሚነካ በመቀነሱ ይጠፋል። ግማሽ ቮልት በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል የሚሰማው በዚህ ዘዴ ነው።

ትልልቅ ሰርቨሮች ሳስ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ የሳታ ታላቅ ነው። የሳስ ሶኬት የሳታ ዲስክ ይቀበላል፤ የሳታ ሶኬት ግን የሳስ ዲስክ አይቀበልም፤ መሀሉ ላይ ያለችው ድልድይ አታስገባም። በአንድ የሳስ መረብ እስከ 65,535 መሣሪያ ሊያያዝ ይችላል። በዚያው የ1999 ቆጠራ የሶዶ ከተማ ሕዝብ 76,050 ነበር። ለአብዛኛው ሰው አንዳንድ ዲስክ ይደርሰዋል።

ከዚህ ሁሉ ትልቅ ቁጥር መሀል አንዲት ትንሽ ቁጥር ከረሜላ ሆና ቀርታብኛለች፦ 50። ተራው የሳታ ኬብል ጫፍ እንዲችል የተሠራው 50 ጊዜ መሰካትና መንቀል ነው። በሰከንድ 6 ቢሊዮን ቢት የምታሳልፍ፣ ዕድሜዋ ግን 50። እኛ በአንድ ቀን አሥራ ምናምኑን በልተንባታል።

በማግስቱ ልጁ ሳይመጣ ዲስኩን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄጄ የኃይል ሶኬቱን በብርሃን አየሁት። 15 ፒኖች፤ በአንዱና በሌላው መካከል 1.27 ሚሊ ሜትር። ነገሩ ያኔ ብልጭ አለልኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የሳታ ደንብ ሦስተኛዋ ፒን ሥራዋ ተቀይሯል። ድሮ 3.3 ቮልት መቀበያ ነበረች፤ ማንም ብዙ አይጠቀምባትም። በአዲሶቹ የሰርቨር ዲስኮች ላይ ግን ማዘዣ ሆነች፤ ኃይል ካገኘች «ጥፋ» ማለት ነው። የእኛ ሰርቨር አሮጌ ነው። ፓወር ሰፕላዩ እንደ ጥንቱ በዚያች በብርቱካናማ ሽቦ 3.3 ቮልቱን በቅንነት ይልካል፤ ዲስኩም ትእዛዝ ነው ብሎ ይተኛል። ማንም አልተበላሸም። ሁለቱም የተባሉትን እየፈጸሙ ነበር፤ 80 ቴራባይት በ3.3 ቮልት ታስሮ አደረ።

ሙቀት ከሚችለው ቢጫ ቴፕ ላይ በምላጭ ስስ ቁራጭ ቆረጥኩ። ስፋቷ ከሩዝ ፍሬ ይቀጥናል። ትንፋሼን ይዤ በወረንጦ ሦስተኛዋ ፒን ላይ ለጠፍኳት፤ አጠገቧ ያለችውን አራተኛዋን እንዳትነካ ሁለቴ አነሳኋት። ሰክቼ አበራሁ። ዝም። ቀጥሎ በጣቴ ያ የድመት ደረት መጣ።

ልጁ ሲገባ አራቱም እየዞሩ ነበር፤ ተራ በተራ የተነሱት። አንድ ዲስክ ከቆመበት ሲነሳ ከ12 ቮልቱ ላይ ሁለት አምፔር ያህል ይስባል፤ 12 ዲስክ ያለው ሰርቨር ሁሉንም በአንዴ ላስነሳ ቢል ለመነሻ ብቻ 288 ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ ይሰለፋሉ።

አራቱን በሬይድ 5 አጣመርናቸው። አሠራሩን ለልጁ በዕቁብ አስረዳሁት፦ ጸሐፊው የሦስቱን ሰዎች መዋጮና ድምሩን ከያዘ የአንዱ ወረቀት ቢጠፋ ቀንሶ ያገኘዋል። ከ80 ቴራባይቱ 60 ለእኛ፣ 20ው ለድምሩ። ከማስረከባችን በፊት እውነት መሆኑን ለማየት አንዱን ዲስክ ሆን ብለን ነቀልነው፤ አጽድተን መለስነው፤ ሰርቨሩም የጠፋውን ከሦስቱ እያሰላ መጻፍ ጀመረ። ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። 20 ቴራባይት በሰከንድ 250 ሚሊዮን ባይት ሲጻፍ 80,000 ሰከንድ ይፈጃል፤ 22 ሰዓት ከምናምን። አንዱ መቶኛ ብቻ 13 ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ከሦስቱ ዲስኮች የሚነበበው 480 ትሪሊዮን ቢት ነው። አምራቹ በወረቀቱ ዋስትና የሚሰጠው ከ1,000,000,000,000,000 ቢት ውስጥ ከአንድ በላይ የማይነበብ እንደማይኖር ነው፤ በአንድ ሌሊት የዋስትናውን ግማሽ እንበላለን ማለት ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ። ቤት ሂድ አልኩት፤ እኔ ግን ቀረሁ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቁጥሩ 36 ሲል መብራት ሄደ።

መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ መጮህ ጀመረ። ዘበኛው ባትሪ እያበሩ በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ሞተ እንዴ?» አሉኝ። «አልሞተም አባቴ፤ 15 ደቂቃ አለው» አልኳቸው። የዩፒኤሱ ባትሪ ቢያልቅስ ምን እንደሚሆን በልቤ አውቃለሁ፤ ነገርኳቸውም። ኃይል ድንገት ሲቋረጥ አንባቢው ራስ ሳህኑ ላይ ወድቆ እንዳይፋጭ ዲስኩ ሞተሩን ይገለብጠዋል፤ ገና ያልቆመው ሳህን በራሱ ጉልበት እየዞረ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በዚያች ኃይል ራሱን የተሸከመውን ክንድ ከሳህኑ አውጥቶ ማረፊያው ላይ ያስቀምጣል።

«እንደ ጊቤ?» አሉኝ።

«እንደ ጊቤ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ጄኔሬተሩን ሊያስነሱ ወጡ። ገመዱን አንዴ ሲስቡት ሰማሁ፤ ሁለተኛ፤ ሦስተኛ። ጨለማው ውስጥ ስክሪኑ ብቻ ይታያል። በአራተኛው ሞተሩ ተነሳ፤ ዩፒኤሱ ዝም አለ፤ ቁጥሩ 37 ሆነ።